ማነው «አንቺ» የሚለኝ?

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ሜሪላንድ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ስብከት እያዳመጠች ቴሌቪዥኑ ድንገት ቀጥ አለና መሀሉ ላይ ጽሑፍ ያለበት ሣጥን አወጣ። ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ጠራችኝ።

«ምን ይላል?»

አነበብኩላት። «‹አሁንም እያየሽ ነው ወይ?› ይላል።»

መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ አየችኝ። «ማነው አንቺ የሚለኝ?»

በጣም ሳቅኩ። ለጓደኞቼ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት እንጃ፤ ሁሌም ይሳቅልኛል። ግን እውነቷን ነው። እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ያልፋል። ሕፃን ይሁን አዛውንት፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ሰው ይሁን ቤት ሙሉ እንግዳ፣ ግድ የለውም። አማርኛ ማን እንዳለ ሳያውቅ «አለህ?» ማለት አይችልም። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፣ ለመምረጥ ደግሞ ቢያንስ በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ስተረጉምላት ሳላስበው የልጅነት «አንቺ»ዬን ለዕቃው አዋስኩት። እሷ ደግሞ ከየት አምጥቶ እንደሚዳፈራት ጠየቀች።

እማዬ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ነው የምትውለው። እኔ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጥቼ ማታ አንድ ሰዓት እገባለሁ። (በእሷ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ የአሜሪካኑን ሰዓት እስካሁን «የተገለበጠው» ነው የምትለው።) ውጪው በረዶ ነው፣ ደረጃው ያዳልጣል፣ ጎረቤት የሚባለው የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ትንሽ ዕቃ ሰክቼ፣ ዩቲዩብ ከፍቼላት እሄዳለሁ። ጠዋት ስብከት፣ ከዚያ መዝሙር፣ ከሰዓት ድራማ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች።

አታየውም ማለት ይቻላል። ታዳምጠዋለች፣ ትመልስለታለችም። ሰባኪው «አይደለም እንዴ?» ሲል «ነው እንጂ!» ትለዋለች። ሲባርክ ከመቀመጫዋ ትንሽ ብድግ ብላ «አሜን» ትላለች። ድራማው ላይ ያቺ ምስኪን ልጅ ያንን ውሸታም ልታገባ ስትነሳ «ኧረ ተይ አንቺ ልጅ» ብላ ትመክራታለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያቺን አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላትን «እህ» ነው የምትለው። ታውቋታላችሁ። አዎ ማለት ናት፤ ሰምቻለሁ፣ አብሬህ ነኝ ማለት ናት። እዚህ አገር የሥራ ባልደረቦቼ እኔ ስላት የደነገጥኩ ይመስላቸዋል። አንዷማ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ «ደህና ነህ?» ብላኛለች።

ለዕቃው ግን ይሄ ሁሉ ምንም ማለት አይደለም። ሪሞቱ አልተነካም። በእሱ ቋንቋ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው የለም።

አሠራሩን ካነሳን አይቀር፣ ይህ ጥያቄ በየቤቱ መልኩ ይለያያል። ኔትፍሊክስ ምንም ሳንነካ ሦስት ክፍል በተከታታይ ካለፈ፣ ወይም 90 ደቂቃ ከሞላ ይጠይቃል። ሮኩ ላይ ደግሞ ኢንተርኔት ለመቆጠብ ተብሎ የተሠራ ማስተካከያ አለ፤ ሪሞቱ ለ4 ሰዓት ካልተነካ ሥርጭቱ ይቆማል። ምክንያቱ የሚገባ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ የሚጫወት ቪዲዮ ያልተዘጋ ቧንቧ ማለት ነው። የሆነ ቦታ ያለ ኮምፒውተር ይሠራል፣ መብራት ይበላል፣ በወር የተወሰነ ኢንተርኔት ብቻ ያለው ቤት ደግሞ ኮታው ያልቅበታል። ማስታወቂያ የሚያስነግረውም ለተኛ ሰው መክፈል አይፈልግም። ተከታታይ ድራማ እያየ እንቅልፍ የወሰደው ሰውም ጠዋት ሲነሳ የት እንደደረሰ ለማግኘት አይቸገርም።

እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አራተኛው ክፍል ሊጀምር ሲል ያ ጥያቄ ይመጣና ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ጥቁሩ ላይ የራሴን ፊት አያለሁ። አፍሬ አጥፍቼ የተኛሁበት ሌሊት አለ። አፍሬ «ሳትጠይቀኝ አጫውት» የሚለውን የተጫንኩበትም አለ። (ይሄ ምርጫ የምር አለ።) የሚገርመኝ፣ ቀጣዩን ክፍል ሳልጠይቀው በራሱ የሚያስጀምረውም ያው አፕ መሆኑ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጎርሰኝ ያመሽና «ጠገብክ?» እንኳን አይልም፤ «ነቅተሃል?» ነው የሚለኝ።

ልጅ ሆኜ የሚተኛው ቴሌቪዥኑ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በቀን ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር የሚያስተላልፈው። እኔ በደረስኩበት ዘመንም ሌሊት ላይ «ደህና እደሩ» ተብሎ፣ መዝሙር ተዘምሮ፣ ሽሽሽ ይል ነበር። ነቃን ተኛን ግድ አልነበረውም፤ የራሱ ቀን ሲያልቅ ይሄዳል። አሁን የማይተኛው እሱ ሆነና የምንጠረጠረው እኛ ሆንን።

የዚህ ጥያቄ አያት ባቡር ላይ ነው ያለው። መቶ ዓመት ካለፈው ጊዜ ጀምሮ፣ ነጂው እጁን ከእጀታው ወይም እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ ብሬክ የሚይዝ መሣሪያ በባቡሮችና በከተማ ትራሞች ላይ ይገጠማል። ፈረንጆቹ ስሙን ሳያለሳልሱ «የሞተ ሰው እጀታ» ይሉታል። ሰው እጀታው ላይ ተደግፎም ሊሞት እንደሚችል ሲታሰብ ደግሞ ሌላ ዓይነት መጣ፤ ነጂው በየተወሰነ ጊዜ የሆነ ነገር እንዲጫን ይጠየቃል። ካልተጫነ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፣ ለጩኸቱም መልስ ካልሰጠ ብሬክ ይይዛል። የነጂውን ስም አያውቅም፣ እንቅልፍ ያሳጣው የታመመ ልጅ ይሁን ጠርሙስ አይለይም። ቀዝቃዛ ጥያቄ ነው። ግን ዝም ሲባል አንድ ነገር ይሆናል። ባቡሩ ይቆማል። መስመር ላይ የቆመ ባቡር ደግሞ ሰው ያያል፣ ሰው ይደውላል፣ ሰው ይመጣል።

እማዬ ቤት ዝም ሲባል የሚሆነው ዝምታ ነው።

ለረጅም ጊዜ የማሽን ጥያቄና የሰው ጥያቄ የሚለያዩት በፍቅር ይመስለኝ ነበር። በ1943 እ.ኤ.አ. በ34 ዓመቷ የሞተችው ፈረንሳዊት ፈላስፋ ሲሞን ቬይ ለሌላ ሰው ትኩረት መስጠትን ከፍቅር ጋር አንድ አድርጋ ነው የምታየው፤ የተጎዳን ሰው አይቶ ምን እንደሆነ መጠየቅ መቻል ለእሷ ትንሽ ነገር አይደለም። ሳነባት ልቤን ነክታዋለች። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በእሷ ጭቅጭቅ አሰልችቻለሁ። አሁን ግን ሽሮ ሜዳ ያደግኩበትን ግቢ ሳስብ አንድ የጎደላት ነገር ያለ ይመስለኛል።

እዚያ እትዬ የምንላት ጎረቤት ነበረችን። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል «አለሽ?» ትላለች። እማዬ «አለሁ!» ትላለች። አለቀ። ለነገሩ ሰላምታችን ሁሉ ይሄው አይደል? እንዴት ነህ ሲሉን «አለሁ» እንላለን። ደህንነታችንን ተጠይቀን መኖራችንን እንመልሳለን፣ ጠያቂውም ይበቃዋል። ሁለቱ ሴቶች ግን ወዳጅ ሆነው አይደለም እንዲህ የሚጠያየቁት። በዝናብ ውኃ መውረጃ ተጣልተው አንድ ዓመት ሙሉ ቡና አልተጠራሩም። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ሌላዋ ሰማይ ታያለች። «አለሽ?» የሚለው ግን አንድም ጠዋት አልቀረም፤ ኩርፊያው የማይደርስበት ቦታ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበር። አንድ ቀን እማዬ በጉንፋን ተይዛ ተኝታ ሳትመልስላት ቀረች። እትዬ አንዴ ደገመች፣ ከዚያ የግቢውን በር ገፍታ ገባች። ሳታንኳኳ። አጥሚት ሠርታ አመጣች፣ እማዬ ጠጥታ እስክትጨርስ ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ ቆየች፣ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። በማግስቱ ኩርፊያው እንደነበረ ቀጠለ።

ፍቅር የት ነበር እዚያ ውስጥ? ትኩረትስ? የታመመችውን ፊቷን እንኳ በቅጡ አላየቻትም። እትዬ የነበራት እግር ነው። «አለሽ?» ስትል፣ መልስ ካጣች እንደምትመጣ ከጥያቄው ጋር አብሮ የተነገረ ነገር ነበር። ዛሬ አንድን ጥያቄ ስመዝን የማየው ይህን ነው፤ ጠያቂው መልስ ሲያጣ ምን ያደርጋል?

የድሮውን ማሳመሬ አይደለም። እድራችንም ስም ይጠራል፤ ቀብር ላይ አቤት ያላለ ይቀጣል። ልቡ ከሐዘንተኛው ጋር ይሁን ቁማር ቤት ማንም አይለካም። ስማቸው እስኪጠራ ጠብቀው በድንኳኑ ጀርባ ሹልክ የሚሉ ሰዎች በልጅነቴ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አቤት ማለታቸው ያው ሪሞት መጫን ነው። ቢሆንም ደጋግሞ ስሙ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ቤት ሰው ይላካል። መቀጮ ሊያስከፍል ሊሆን ይችላል። ብቻ ይላካል።

አሁን ወደማልወደው ልግባ።

ባለፈው ጥር አንድ ማክሰኞ ምሳ ሰዓቴ ላይ ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ተኝታ ይሆናል አልኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደገምኩ፤ አላነሳችም። ጸሎት ላይ ትሆናለች አልኩ። ለእያንዳንዱ ዝምታዋ ምክንያት አገኘሁለት፣ ያውም የሚያስከብራት ምክንያት። ሥራ በዝቶ ነበር። ሦስተኛ አልደወልኩም።

ማታ ስገባ ቤቱ ጨለማ ነው። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ምልክት የለም ይላል። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

ጠዋት ያ ሣጥን ሲመጣባት፣ እንዳሳየኋት መሀል ያለውን ክብ ቁልፍ ልትጫን ሞከረች፤ አጠገቡ ያለውን ነካች። ቴሌቪዥኑ የማታውቀው ቦታ ሄደ። ለመመለስ ሌላ ተጫነች፣ ጭራሽ ጠፋ። ሌላ እንዳላበላሽ ብላ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስልኳ መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ነበር፣ ድምፁ ተዘግቶ።

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ሥራ ላይ ነህ ብዬ።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?»

«አምስት ሰዓት ግድም።»

«መብራቱንስ ለምን አላበራሽም?»

«ለአንድ ሰው ብዬ?»

«ደህና ነሽ ግን?»

«አለሁ።»

ታሪኩ ይሄው ነው። አልወደቀችም፣ አልታመመችም፣ አምቡላንስ አልመጣም። ስምንት ሰዓት ያህል ዝም ባለ ቤት ውስጥ፣ ሲመሽ ደግሞ በጨለማ፣ ተቀመጠች፤ ሰው በዚህ አይሞትም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ግን ብትወድቅ ኖሮ የሚል ሐሳብ ነው። ብትወድቅ ኖሮ እኔ ካደረግኩት ነገር አንዱም አይቀየርም ነበር። ተኝታ ይሆናል፣ ጸሎት ላይ ትሆናለች፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ዕቃው ጠየቀ፣ መልስ ሲያጣ ዘጋ። እኔም ጠየቅኩ፣ መልስ ሳጣ ዘጋሁ።

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔም ራሴን ተከራክሬዋለሁ። ያልተነሳ ስልክ ሁሉ ሥራ ጥሎ መሮጫ ከሆነ ማን ይኖራል? እሷስ ብትሆን ትልቅ ሰው ናት፤ ሳይነዘንዟት የመተኛት መብት አላት። አንድ ጓደኛዬ መፍትሔው ካሜራ ነው አለኝ። ሳሎን ውስጥ ሰቅዬ ከሥራ ሆኜ በስልኬ አያታለሁ፣ ሳታነሳ ስትቀር ከፍቼ ማየት ብቻ ነው። ሐሳቡ የሞኝ አይደለም፤ ብዙ ሰው አድርጎታል፣ ሕይወትም ያተርፋል። እኔ ግን እጄ አልሄደልኝም። «አለሽ?» የሚል ሰው መልሱን ለተጠያቂዋ ይተዋል፤ አለሁ የምትለው እሷ ናት። ካሜራ ግን በእሷ ፈንታ ይመልሳል። ደግሞ የምትለውን ከአሁኑ እሰማዋለሁ፤ «ማነው የሚያየኝ?»

በማግስቱ ዕቃው ውስጥ ገብቼ ያንን ጥያቄ የሚያመጣውን ማስተካከያ ፈልጌ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ሳያቋርጥ ይጫወታል። ሁለት ሳምንት ያህል ኮራሁ፤ ችግር አይቼ መፍትሔ ሰጠሁ ብዬ። ከዚያ አንድ ምሽት ሳህን እያጠብኩ ገባኝ። ያ ባለጌ ጥያቄ፣ ያ «አንቺ» የሚላት፣ እኔ እስክገባ ድረስ በቀኑ ውስጥ የሚቀርብላት ብቸኛ ጥያቄ ነበር። እሱንም ነቅዬ ጣልኩት። አሁን እሷ ብትሞት እንኳ ሰባኪው ይቀጥላል።

ከኮሪደሩ ማዶ አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ አሉ። አንድ ዓመት ሙሉ አሳንሰሩ ውስጥ ፈገግ ከመባባል ያለፈ ነገር አልነበረንም። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ለመጠየቅ እንዲህ የሚከብድ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ላቤ መጣ። እናቴ ስልክ ሳታነሳልኝ ብትቀር ብደውልልዎት ያንኳኩላታል? ቁልፍም ልስጥዎት? ሴትዮዋ ቁልፉን ተቀብለው፣ ለምን እስከዛሬ ቆየህ በሚል ዓይነት አዩኝ። እስካሁን ሁለት ጊዜ አንኳኩተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ እማዬ ሻወር ውስጥ ነበረች። ከሁለተኛው በኋላ አንድ ዳንቴል ሸልማቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ የሚሠሩትን የበቆሎ ቂጣ በሳህን ያመጡላታል። የሚግባቡበት አንድም ቃል የላቸውም። ዛሬ ዛሬ ሳልደውልላቸውም ያንኳኳሉ። እማዬ የእሳቸውን ጉድ ስታወራልኝ ታመሻለች፣ በምን ቋንቋ እንደሰማችው አንድዬ ይወቀው።

እኔ ምሳ ሰዓቴ ላይ እደውላለሁ። መጀመሪያ ላይ የእኔም ጥሪ ያው ሣጥን ነበር። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። በላሽ? በላሁ። በቃ ቻው። 40 ሴኮንድ አይሞላም። አሁን የማወራት ነገር ይዤ ነው የምደውለው፤ አለቃዬ ያለውን፣ ባቡር ውስጥ ያየሁትን፣ ትንሽም ቢሆን አጣፍጬ። ችግሩ ያቺ አየር ወደ ውስጥ የምትስባት «እህ» በስልክ አትሰማም። ወሬው መሀል ላይ ስደርስ መስመሩ ጭጭ ይላል፣ የተቋረጠ ይመስለኛል፣ ልቤ ዘለል ይላል።

«እማዬ? ሃሎ? አለሽ?»

«ኧረ አለሁ! አዎ እያልኩህ አይደል እንዴ? ቀጥል።»